የምግብ ፎቶ ያለበት ፓወር ባንክ፦ ችግርና መፍትሄ

ዶሮ ወጥ ወይም የሐይቅ ዓሣ ጥብስ የሚታይበት ፓወር ባንክ ሲያስቸግር ከባትሪው በፊት ፎቶውን ይመርምሩ። ጥፍርዎን በጠርዙ ላይ ያሂዱ። ከያዘዎት ስቲከር ነው፤ ካልያዘዎት በፕላስቲኩ ላይ የታተመ ነው። ስቲከሩ ጠቋሚ መብራትም፣ ሙቀትም፣ እብጠትም ይደብቃል።

ተሰክቶ አድሮ አይሞላም

ምናልባት እየሞላ ነው፣ መብራቶቹ ግን ተሸፍነዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ቁልፉን ይጫኑት፤ ብርሃኑ ከሥር ፈንጠቅ ካለ በዚያ ቦታ ላይ ስቲከሩን ብቻ በምላጭ ቆርጠው ያንሱ።

ካልበራ ሌላ ገመድ፣ ከዚያ ሌላ ቻርጀር ይሞክሩ። የገመዱ መሰኪያ ቀዳዳ ውስጥ የኪስ ብናኝ ይጠቀጠቃል፤ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብለው ያውጡት፣ መርፌ አይክተቱ።

ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው ባንክ በ5 ቮልት 2 አምፔር 5 ወይም 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በ1 አምፔር ግን ወደ 10 ሰዓት። ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ ሳይሞላ ቢያድር አይገርምም። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉት፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩት። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀድሞ የሚቃጠለውም ቻርጀሩ ነው።

ለወራት ባዶ የተቀመጠ ከሆነ 3 ሰዓት ሰክተው ይተዉት። ካልነቃ ባትሪው ከሚፈቀደው በታች ወርዷል፤ ውስጡ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰርኪዩት አልቀበልም የሚለው ለደህንነት ስለሆነ ሽቦ አገናኝተው በግድ ለማስነሳት አይሞክሩ።

10,000 ይላል፣ ስልክ ሁለቴ አይሞላም

ይህ ብልሽት አይደለም። 10,000 የሚባለው በባትሪው 3.7 ቮልት ተቆጥሮ ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ከፊሉ በሙቀት ሲባክን ከ6,000 እስከ 6,500 ይደርስዎታል። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንዴ ሞልቶ ጥቂት ይተርፈዋል።

ከዚህ በጣም ካነሰ ሐሰተኛ ይሆናል። በቅመም ሻጭ ሚዛን ያስመዝኑት፦ ውስጡ ካሉት ድብልብል ባትሪዎች አንዱ 45 ግራም ገደማ ሲመዝን ቢበዛ 3,500 ይይዛል። ስለዚህ 150 ግራም የሚመዝን "30,000" ሊኖር አይችልም።

ይግላል፣ ወይም አብጧል

ለብ ማለቱ ጤነኛ ነው። እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ግን ወፍራም ስቲከር ሁለቱንም ገጽ አልብሶት ሙቀቱ መውጫ አጥቷል፤ ከአንዱ ገጽ ላይ ይላጡት። ቆላ ላይ፣ ቆቦም ሆነ ባቲ፣ በቀን ሳይሆን በምሽት ይሙሉት። አካባቢው ከ45 ዲግሪ ካለፈ መሙላት የለበትም፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም ሆነ ምድጃ አጠገብ አይተዉት።

እብጠትን ፎቶው ራሱ ይናገራል፦ የትሪው ክብ ይንጋደዳል፣ ስቲከሩ መሃል ላይ ይወጠራል፣ ባንኩ ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩት ይንገዳገዳል። ይህ ጥገና የለውም። መጠቀም ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ አይብሱት፣ ከቆሻሻ ጋርም አይጣሉት። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ሸክላ ላይ ያኑሩትና ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። መጨስ ከጀመረ ሳይነኩት ከክፍሉ ይውጡ።

ፎቶው ደበዘዘ፣ ጠርዙ ተነሳ

የወጡ ቀይ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይነጣል፤ መከላከያው ጥላ ነው። የታተመውን በአልኮል አይጥረጉ፣ ቀለሙን ይፈታዋል። ሳሙና የነካው፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ስቲከር የሚነሳው በእጅ ቅባት ነው፦ ከተነሳው ጠርዝ ሥር ጠርገው፣ አድርቀው፣ በጣት ይጫኑት። ስቲከርን በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ መለጠፍ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ከሥር ባትሪ አለ፤ አይሞክሩት።

የጆሮ ማዳመጫ ሲሰካ ይጠፋል

ማዳመጫው የሚስበው በጣም ትንሽ ስለሆነ ባንኩ ምንም እንዳልተሰካበት ቆጥሮ ይዘጋል። በሌላኛው ቀዳዳ ስልክ አብረው ይሰኩ።

ፍተሻ ላይ ተያዘ

ከላሊበላ ወይም ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን ሲሄዱ ባንኩን ይዘው የሚገቡት በእጅ ሻንጣ ውስጥ ነው። ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ሲሆን የ10,000ው 37 ነው። ፈታሹ ይህን ማንበብ አለበት፤ ስቲከሩ ጽሑፉን ከሸፈነ ከቤት ሳይወጡ ይላጡት።