በተጓዥ ትርኢት ላይ ያሉ የባሕር አንበሶችን አያያዝ መመልከትና ማመልከት

አሜሪካ ውስጥ በበጋው ወራት ልጆቻችንን ይዘን ወደ ካውንቲ ፌር (በየአካባቢው ወደሚካሄደው የበጋ ባዛርና ትርኢት) ስንሄድ፣ በተሳቢ መኪና ተጭነው ከከተማ ከተማ የሚዞሩ የባሕር አንበሶች ትርኢት ሊያጋጥመን ይችላል። ትርኢቱ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ እንስሳው የቀረውን ቀንና ሌሊት የሚያሳልፈው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ገንዳ ነው። ስለዚህ አያያዙን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መድረስ፣ ወይም ሕዝቡ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርቶ ከአጥሩ ውጭ ጥቂት ደቂቃ መቆም ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድመው ዓይኑን ይመልከቱ። የጤናማ የባሕር አንበሳ ዓይን ጥቁርና አንጸባራቂ ነው፤ ጉም የለበሰ የሚመስል ወይም ተጨፍኖ የሚውል ከሆነ ችግር አለ። በሰው እጅ በሚኖሩ የባሕር አንበሶች ላይ የዓይን ሞራ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ የእንስሳት ሐኪሞች ከዕድሜ መግፋት ጋር በቂ ጥላ አለማግኘትን ከምክንያቶቹ ይቆጥራሉ። እንስሳው ዓሣ ለመቀበል ወደ አሠልጣኙ ቀና ሲል ፀሐይ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ ደማቅ ቀለም የተቀባው የገንዳ ወለል ደግሞ ብርሃኑን ከታች ይመልሳል። ድንኳን ስላለ ብቻ ጥላ አለ ብለው አይደምድሙ፤ ጠዋት ገንዳውን የሸፈነው ጥላ ከቀትር በኋላ ሣሩ ላይ ወድቆ፣ ውኃው ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ላይ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ወደ ውኃው ይለፉ። በፌዴራሉ ደንብ መሠረት በገንዳው ውኃ ውስጥ ያለው የኮሊፎርም (በእዳሪ ውስጥ የሚገኝ) ባክቴሪያ ቁጥር በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 መብለጥ የለበትም። ይህን በዓይን መለካት ባይቻልም፣ የገንዳው ወለል መታየቱን፣ እዳሪና የዓሣ ቁራጭ መንሳፈፉን፣ ዓይን የሚያቃጥል የክሎሪን ሽታ መኖሩን ማስተዋል ይቻላል። እንስሳው ከውኃ ወጥቶ የሚያርፍበት ደረቅ ቦታ መኖሩንም ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ዞሮ መዋኘት ምንም አያሳይም፤ አሥር ደቂቃ ሙሉ ያንኑ መስመር እየተከተለ፣ በዚያው ጥግ እየታጠፈ የሚመላለስ ከሆነ ግን የጭንቀት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ይመዝግቡ።

ሠራተኞቹን በትሕትና መጠየቅም ተገቢ ነው፦ ሐኪሙ መቼ አየው? ዓሣው ከበረዶ ከወጣ ስንት ሰዓት ሆነው? ደንቡ የሚፈቅደው እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። በረዶ ሆኖ የቆየ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚጎድለው፣ ለእንስሳው ተጨማሪ ቫይታሚን ይሰጠው እንደሆነም ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅና እንስሳውን የሚወድ አሠልጣኝ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም።

አቤቱታው የሚቀርበው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ሥር ላለው አፊስ (APHIS) ለተባለው የእንስሳት አያያዝን ለሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ቅጹ በድረ ገጹ ላይ ይገኛል፤ ስምን ሳይገልጹ ማቅረብም ይቻላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፌሩን ስምና በመኪናው ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስም ይጻፉ። «እንስሳው አሳዘነኝ» ከሚል ይልቅ «ከቀትር በኋላ ከ1፡40 እስከ 2፡15 ድረስ ገንዳው ላይ ምንም ጥላ አልነበረም፤ ትልቁ የባሕር አንበሳ ግራ ዓይኑን አልገለጠም» የሚል ጽሑፍ ለመርማሪው ይጠቅመዋል። እንግሊዝኛው አያስጨንቅዎ፤ እንዲህ ያለ አጭር ዓረፍተ ነገር ከነፎቶግራፉ ይበቃል። ትርኢቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነቅሎ ስለሚሄድ ግን ያንኑ ዕለት ማታ ይላኩት።

በተጓዥ ትርኢቱ ላይ የታየው የባሕር አንበሳ ሳይሆን ሻርክ ከሆነ የአቤቱታው መንገድ ይለያል። ሻርክ ዓሣ ነው፤ አፊስ የሚያስፈጽመው የፌዴራሉ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ደግሞ ዓሦችን ስለማያካትት አፊስ ሊረዳዎ አይችልም፤ ይህ ክፍተት መዘጋት ያለበት ይመስለኛል። እስከዚያው ለካውንቲው የእንስሳት ቁጥጥር ክፍልና ለፌሩ አዘጋጅ ቦርድ ይጻፉ። ለቦርዱ የሚጻፈው ደብዳቤ ለሁለቱም ዓይነት ትርኢት የሚሆን ሲሆን፣ የቀጣዩ ዓመት ውል ከመፈረሙ በፊት ቢደርስ ይመረጣል።