የጉበት ካንሰር ግንድ ሕዋሳት ጠቋሚዎችን የሚመለከት ጥናት እንዴት ይነበባል?

በጉበት ዕጢ ውስጥ ራሳቸውን እየተኩ ዕጢውን መልሰው የማብቀል ዐቅም ያላቸው ጥቂት ሕዋሳት የካንሰር ግንድ ሕዋሳት ይባላሉ። ተመራማሪዎች የሚለዩአቸው በገጻቸው ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች፣ በተለይም በሲዲ133፣ በሲዲ90፣ በሲዲ44 እና በኤፕካም ነው፤ እነዚህ ፕሮቲኖች ጠቋሚዎች ይባላሉ። «ይህ ጠቋሚ የታየበት ሕመምተኛ ዕድሜው ያጥራል» የሚል ጥናት ሲያጋጥምዎ ከመደምደሚያው በፊት የአሠራሩን ክፍል ያንብቡ።

በመጀመሪያ ዕጢው የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ። ኤፕካም እና ኬራቲን 19 የተባለው ሌላ ጠቋሚ ፕሮቲን በጤናማ የሐሞት ቱቦ ሕዋሳት ላይም ስለሚገኙ፣ ከጉበት ሕዋስ የተነሣውን ካንሰር ከሐሞት ቱቦ ከተነሣው ጋር የቀላቀለ ጥናት ስለ ሁለቱም በቂ ነገር አይነግርዎትም። ሲዲ44 በነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ጭምር ስለሚታይ፣ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) የዕጢውን ሕዋስ ከሌላው እንዴት እንደለየ መጻፍ ይኖርበታል።

ቀጥሎ «አዎንታዊ» የተባለው ጠቋሚው ቢያንስ በስንት በመቶ የዕጢው ሕዋሳት ላይ ሲታይ እንደሆነ ይፈልጉ። ለኬራቲን 19 በብዛት የሚሠራበት ወሰን 5 በመቶ ሲሆን፣ ለሌሎቹ ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል። ወሰኑ የሕመምተኞቹ ውጤት ከታወቀ በኋላ ልዩነቱን አጉልቶ እንዲያሳይ ከተመረጠ፣ በሌሎች ሕመምተኞች ላይ እስኪረጋገጥ ድረስ ባይታመኑበት ይሻላል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪማርክ የተሰኘው የዕጢ ጠቋሚ ጥናቶች አጻጻፍ መመሪያም የወሰኑ አመራረጥ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቃል።

ከሁሉ አብልጬ ጊዜ የምሰጠው ለሞቱ ምክንያት ነው። የጉበት ካንሰር ብዙውን ጊዜ በሄፓታይተስ ቢ፣ በሄፓታይተስ ሲ ወይም በአልኮል ምክንያት ጠባሳ በያዘ ጉበት ላይ ስለሚበቅል፣ ሕመምተኛው ዕጢው ሳይመለስበት በጉበት ድካም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የዕጢው መመለስና አጠቃላይ ዕድሜ ተለያይተው መቅረባቸውን፣ ስሌቱም የዕጢውን መጠንና ብዛት፣ ወደ ደም ሥር መግባቱን፣ የአልፋ ፌቶፕሮቲን (በደም ውስጥ የሚለካ የጉበት ካንሰር ምልክት) ልክና የቻይልድ ፒው ደረጃን (የጉበቱን የመሥራት ዐቅም መለኪያ) ማካተቱን ይመልከቱ። የአደጋው ንጽጽር (ጠቋሚው ያለባቸው ሰዎች አደጋ ከሌለባቸው አንጻር ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 2 ሆኖ የመተማመኛ ክልሉ (እውነተኛው ቁጥር ሊገኝበት የሚችለው ክልል) ከ0.9 እስከ 4.4 ከሆነ፣ ክልሉ 1ን፣ ማለትም ልዩነት አለመኖሩን፣ ስለሚያቅፍ ጠቋሚው አደጋውን መጨመሩ አልተረጋገጠም።

ናሙናው ከቀዶ ሕክምና የተገኘ ከሆነ ውጤቱ ዕጢው ሊወጣላቸው የቻሉትን ብቻ ይመለከታል፤ ዘግይተው ለሚመጡት፣ በአገራችንም ለሚበዙት፣ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። በቤተሰብዎ አባል የፓቶሎጂ ውጤት ላይ ከእነዚህ ጠቋሚዎች አንዱ ተጽፎ ካዩ አይደንግጡ፤ ሕክምናውን ለመምረጥ የሚያገለግለው የባርሴሎና የጉበት ካንሰር ደረጃ አሰጣጥ እነዚህን ጠቋሚዎች አያካትትም፤ ሐኪሙን ስለ ዕጢው ደረጃና ስለ ጉበቱ ዐቅም ይጠይቁ።