ልጅን ከክራሩ የሚያጣሉ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጆችን ክራርና ማሲንቆ ሳስተምር ዓመታት ሆነኝ። በየክረምቱ አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ብዙዎቹ ይቀራሉ። ወላጅ ይደውልና «ልጄ ሰነፈብኝ» ይለኛል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን ልጁ ላይ አላገኘውም።

መጀመሪያ ክራሩን ስሙት። አንድ የ9 ዓመት ልጅ «እኔ አልችልም» ብሎ እያለቀሰ መጣ። ክራሩን ተቀብዬ ስመታው ሁለቱ ክሮች ረግበዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጣቶቹ ትክክል ነበሩ፣ የሚወጣው ድምፅ ግን የተበላሸ። ልጅ ደግሞ ቅኝቱ ወርዷል አይልም፤ ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞራል። የኛ አገር ቀኑ ፀሐይ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ቆዳውም እንጨቱም አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ ክራሩን ምድጃ አጠገብም መስኮት ሥርም አታስቀምጡ። መምህሩ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ ሲመታ በስልካችሁ ቅዱ። ቤት ስትደርሱ ከዚያ ጋር አስተያዩት። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያው ድምፅ ከፍ ብሎ ሲደገም ነው። ሙዚቃ ባታውቁም ጆሯችሁ ይለየዋል።

እሑድ አንድ ሰዓት ከማስጨነቅ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ግን ጠዋት አታድርጉት። በውርጭ የደነዘዘ ጣት ክር አይዝም። ማታ ቤቱ ሲሞቅ ይሁን።

ክራርን መቅጫ አታድርጉት። በቃ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በየወሩ እየከፈሉ፣ መሣሪያውንም ራሳቸው ገዝተው፣ ልጁ እየሰማ «ይሄ ደግሞ አዝማሪ ሊሆንብኝ ነው» የሚሉ ወላጆች አሉ። ለጨዋታ ነው የሚሉት። ልጁ ግን ጨዋታ አድርጎ አይወስደውም። አንድ የ11 ዓመት ተማሪ ነበረኝ። ማሲንቆውን ትከሻው ላይ አንግቶ በመንገድ እየተኩራራ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን በማዳበሪያ ጠቅልሎ መጣ። «ምነው?» ስለው «ዝናብ እንዳይነካው ጋሼ» አለኝ። ጥር ላይ ነበርን። ቆይቶ እናቱ ነገረችኝ። አባቱ እንግዶች ፊት ያችን ቃል ተናግሮ ሁሉም ስቀው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ቀረ። እስካሁን ያሳዝነኛል፣ ጆሮው የተለየ ነበርና።

ማሲንቆ ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው። ድምፁ የት እንዳለ የሚያሳይ ምልክት የለውም፤ ጣትና ጆሮ ናቸው ፈልገው የሚያገኙት። ይህን የቻለ ልጅ ከባድ ነገር ችሏል። አዝማሪስ ቢሆን ምን ነውር አለው? ንጉሥ ፊት ቆሞ በሰምና ወርቅ የልቡን የሚናገር ሰው ነበር። ዛሬ ክራርና ማሲንቆ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይሰጣሉ። አስናቀች ወርቁን አገር ያወቃት በክራሯ ጭምር ነው። ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን ብትመኙ መልካም ነው። ግን በጁ የያዘውን ነገር አታዋርዱበት። የናቃችሁትን እሱ ከየት አምጥቶ ያክብረው?

ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን የሚቆምበት ቤት ብዙ ነው፣ የኔም ቤት እንደዚያው ነው። ነገር ግን ክራሩ 55 ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከቆየ ልጁ ለፋሲካ ከሀ ነው የሚጀምረው። መዝሙር ይለማመድ። መምህሩን ቀደም ብላችሁ ንገሩት፣ ያዘጋጅለታል።

እንግዳ በመጣ ቁጥር «ተነስ ተጫወት» ማለትም ይቅር። እሱ ራሱ ሲጠይቅ ያን ጊዜ ቦታ ልቀቁለት።

የኔን ጥፋትም ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹን ወራት ሙሉ ክር ብቻ አስመታ ነበር፣ ላይ ታች፣ ላይ ታች። መሠረት እንዲይዙ ብዬ ነው። አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ አያቴ ምን ተማርሽ ስትለኝ የማሰማት የለኝም» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ትምህርት ባዶ እጁን አይወጣም። አራት ድምፅ ብቻ ብትሆንም የምትዜም ነገር ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ቤት ሲገባ «ተለማመድክ?» አትበሉት። «እስቲ የዛሬዋን አሰማኝ» በሉት። ከዚያ ስልኩን ወዲያ አስቀምጡና እስኪጨርስ ስሙት።