ጥርስን በተማሪ ሐኪም ማሳከም፦ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ አዲስ ገቢዎች

በአሜሪካ የጥርስ ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከሌላው የጤና ኢንሹራንስ ተለይቶ የሚገዛ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ይህን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ካመመው በኋላ ነው። ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ለአዋቂዎች ጥርስ የሚሰጠው ሽፋንም እንደየስቴቱ ይለያያል፤ ቨርጂኒያ ሽፋኑን ያሰፋችው ከጁላይ 2021፣ ሜሪላንድ ደግሞ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ነው። ይሁን እንጂ በዲቪ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ይዘው የገቡ አዋቂዎች ለሜዲኬይድ ብቁ ለመሆን በአብዛኛው 5 ዓመት መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ጥርስ ደግሞ 5 ዓመት አይጠብቅም። እስከዚያው ሊሞከር የሚገባው መንገድ ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ታካሚ ሆኖ መመዝገብ ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርበት አካባቢ ዕድለኛ ነው። በ1881 የተመሠረተው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በዩ ስትሪትና በ9ኛው መንገድ ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። በባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ በ1840 ሲከፈት በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነበር። «ተማሪ ሊለማመድብኝ ነው» የሚለው ስጋት የሚገባ ቢሆንም፣ ተማሪዎቹ ታካሚ ፊት የሚቀርቡት በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ከተለማመዱ በኋላ ነው፤ ፈቃድ ያለው መምህርም ሥራቸውን ደረጃ በደረጃ ይመረምራል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ የሕክምና ቀጠሮ አይደለም። የጤና ታሪክዎን ይሞላሉ፣ ራጅ ይነሣሉ፣ ከዚያም ትምህርት ቤቱ ይቀበልዎት እንደሆነ ይወሰናል። ውሳኔው የሚመሠረተው የጥርስዎ ችግር ለተማሪዎቹ ከሚያስፈልጋቸው ትምህርት ጋር በመስማማቱ ላይ ነው፤ በጣም የተወሳሰበ ከሆነ ወደ ስፔሻሊስት ሠልጣኞች ክፍል ሊመሩዎት ወይም ሊመልሱዎት ይችላሉ። ቢመልሱዎት ነገሩን እንደ ንቀት አይውሰዱት።

በዚሁ ምርመራ ላይ አንድ ተማሪ ቀጭን መለኪያ በጥርስና በድድ መካከል እያስገባ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ይለካል፤ ቁጥሮቹንም ጮክ ብሎ ለጓደኛው ያስመዘግባል። የሚጠራው በሚሊሜትር ነው። ከ1 እስከ 3 ያለው ጤናማ ሲሆን፣ 4ና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ግን ድድዎ ችግር እንዳለበት መገመት ይችላሉ። ሁለት ነገሮችን ሳይጠየቁ ቢናገሩ መልካም ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና እህቶች ጥቁረቱ ንቅሳት መሆኑን ያስረዱ፤ እዚህ ያለ ተማሪ አይቶት ስለማያውቅ በሽታ ሊመስለው ይችላል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ ያደገ ሰው ደግሞ የጥርሱ ቡናማ ቀለም ፍሎራይድ ከበዛበት የጉድጓድ ውሃ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ይጥቀስ።

ክፍያው ከግል ክሊኒክ ያነሰ ነው፤ ቀሪውን የሚከፍሉት በጊዜዎ ነው። አንድ ቀጠሮ 3 ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል፤ የግል ሐኪም በአንድ ቀጠሮ የሚጨርሰው ሥራም እዚህ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ተማሪው ከማደንዘዣው በፊት መምህሩን ይጠብቃል፣ የተበላሸውን ጠርጎ ካወጣ በኋላ እንደገና ይጠብቃል፣ ከሞላው በኋላ ሰማያዊ ወረቀት ያስነክስዎትና ከፍ ያለውን እያሻሸ ካስተካከለ በኋላ ለፊርማ አሁንም ይጠብቃል። መምህሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ወንበር ስለሚያዳርስ አፍዎን ከፍተው መቆየትዎ አይቀርም። ስለዚህ በፓርኪንግ ወይም በሆም ኬር የሚሠሩ ከሆነ የዚያን ቀን ሺፍት ማታ ያድርጉት ወይም ቀጠሮውን ከዕረፍት ቀንዎ ጋር ያገጣጥሙት፤ «ከቀጠሮው ወጥቼ በቀጥታ ሥራ እገባለሁ» የሚለው ዕቅድ አያዋጣም።

ቀጠሮ የሚይዝልዎት ብዙውን ጊዜ ራሱ ተማሪው ስለሆነ ከማያውቁት ቁጥር ይደወልልዎታል። ብዙዎቻችን እንዲህ ዓይነቱን ስልክ አናነሣም፣ የድምፅ መልእክት ሣጥናችንም ወይ አልተከፈተም ወይ ሞልቷል፤ ተማሪው ታካሚ የሚያጣው፣ ታካሚውም «ረሱኝ» ብሎ የሚቀየመው በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪው ለመመረቅ የተወሰኑ ሥራዎችን ማጠናቀቅ ስላለበት፣ የቀረ ታካሚ የእሱንም ትምህርት ያጓትታል። ሳያሳውቁ ደጋግመው ከቀሩ ከታካሚነት ይሰናበታሉ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱ ሕክምና ከነዋጋው የተጻፈበትን ዕቅድ ይጠይቁና ሳያነቡ አይፈርሙ። የነርቭ ሕክምና፣ ማለትም ሩት ካናል፣ እና ከላዩ የሚደረገው የጥርስ ሽፋን፣ ማለትም ክራውን፣ ለየብቻ የሚከፈልባቸው መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የመጀመሪያውን ከፍሎ ለሁለተኛው ሲያጥረው የተሠራው ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ጥርስ ማጽዳት ብቻ የሚፈልግ ሰው የጥርስ ንጽሕና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥኑ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሊኒኮችን ቢጠይቅ በአነስተኛ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ለሐኪሞች የፈቃድ ፈተና የሚቀመጥ ታካሚ ገንዘብ ይከፈለዋል የሚለው ወሬ ግን ያረጀ ነው፤ ከ2020 ወዲህ ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው በሰው ሠራሽ ጥርስ ነው።

የቋንቋ ነገር ሊያሳስብዎት አይገባም። የፌዴራል መንግሥት የጤና ድጋፍ የሚያገኝ ተቋም አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ» ብለው ያስመዝግቡ። የ12 ዓመት ልጅን ስለ እናቱ የደም ግፊት መድኃኒት እንዲያስተረጉም ማድረግ ለልጁም ለእናቱም አይበጅም።

ፊትዎ ካበጠ፣ ትኩሳት ካለዎት ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረዎት የተማሪ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሌላው ሁሉ በተራው ይደርሳል፤ ነገር ግን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ስለሚመረቁ፣ ሚያዝያ ላይ ሕክምናዎ ካላለቀ ፋይልዎ ለየትኛው ተማሪ እንደሚተላለፍ ስሙን ይጠይቁ፣ የራጁንም ቅጂ ይውሰዱ።