ሽሪምፕ በዶውቺ፦ የካንቶን ሰዎች የተብላላ ጥቁር አኩሪ አተር አሠራር

በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገርና በሆንግ ኮንግ በየቤቱ ከሚዘወተሩት ፈጣን ምግቦች አንዱ በካንቶንኛ «ሲ ጂዩ ሃ» የሚባለው ነው፤ «ሲ» የተብላላው ጥቁር አኩሪ አተር፣ «ጂዩ» ቃሪያ፣ «ሃ» ደግሞ ሽሪምፕ ማለት ነው። ምግቡ እሳት ላይ የሚቆየው ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ብዙ ሰው ሲሠራው አልጣፍጥ ይለዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ዋና ግብዓቶች ከእሳቱ የሚፈልጉት ነገር ተቃራኒ ነው። አኩሪ አተሩ ረገብ ባለ ሙቀት ዘይት ውስጥ ቀስ እያለ መዓዛውን መልቀቅ ይፈልጋል፤ ሽሪምፑ ግን ኃይለኛ እሳት ለአጭር ጊዜ ካላገኘ ውኃ እየለቀቀ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሁለቱን አንድ ላይ መጥበሻ ውስጥ የጨመረ ሰው ወይ አተሩን ያሳርረዋል ወይ ሽሪምፑን እንደ ጎማ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፈው አሠራር በሙሉ ሁለቱን ለየብቻ አብስሎ በመጨረሻው ደቂቃ የማገናኘት አሠራር ነው።

በማንዳሪን ዶውቺ የሚባለው ይህ አተር ከጥቁር አኩሪ አተር የሚዘጋጅ፣ የተጨማደደ፣ ለስላሳና ጨው የበዛበት ፍሬ ነው። አኩሪ አተሩ ተዘፍዝፎ በእንፋሎት ከበሰለ በኋላ ይቀዘቅዝና አስፐርጊለስ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት ለጥቂት ቀናት እንዲበቅልበት ይደረጋል። ሻጋታው የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች የአተሩን ፕሮቲን ሰባብረው ወደ አሚኖ አሲድ ይለውጡታል፤ ከእነዚህ አንዱ ግሉታሜት በመሆኑ ጥቂት ፍሬ ብቻውን ሥጋ የተቀቀለበት መረቅ የሚመስል ጥልቅ ጣዕም ይሰጣል። ከዚያ ሻጋታው ታጥቦ ይወገዳል፣ አተሩ በጨው ይታሻል፣ በማሰሮ ታሽጎም ለወራት ይቀመጣል። ሲልጆ ያብላላ ሰው ጥራጥሬ ሲቆይ ምን ዓይነት ጣዕም እንደሚያወጣ ያውቃልና ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ሲልጆ በቀናት ደርሶ የሚኮመጥጥ ሲሆን ዶውቺ ግን አለመኮምጠጡና በጨውና በጊዜ ብዛት መጥቆሩ ነው። ቻይናውያን ከያዙት በጣም ቆይቷል፤ በሁናን ክፍለ ሀገር በቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱይ በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1972 በተቆፈረውና ከ2100 ዓመት በላይ ባስቆጠረው መቃብር ውስጥ ከሟቿ ጋር ከተቀበሩት ምግቦች መካከል ከዝንጅብል ጋር የተቀመጠ ዶውቺ ተገኝቷል። ዛሬ በጓንግዶንግ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለችው ያንግጂያንግ ከተማ በዶውቺዋ ስሟ የታወቀ ነው።

ሲገዙ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች በቆርቆሮ ታሽጎ «ብላክ ቢንስ» በሚል ስም የሚሸጠው የላቲን አሜሪካ ጥቁር አደንጓሬ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ አልተብላላም፣ አኩሪ አተርም አይደለም፣ በምትኩ ሊገባ ፈጽሞ አይችልም። ሁለተኛ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው የተዘጋጀ የጥቁር አተር ሶስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሆኖም ጨው፣ ስኳርና ማወፈሪያ ቀድሞ ስለገባበት ጣዕሙን የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ሦስተኛው ራሱ ፍሬው ነው፤ በካርቶን ወይም በፕላስቲክ ከረጢት፣ ብዙ ጊዜም ከዝንጅብል ቁራጭ ጋር ታሽጎ በቻይናና በእስያ ሸቀጥ መደብሮች ይገኛል። እኔ የምመክረው ይህንን ነው። ጥሩ ዶውቺ በጣት ሲጫኑት እንደ ዘቢብ እሺ ይላል፤ ደርቆ እንደ ጠጠር የሚንቋቋ ከሆነ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው።

ለአራት ሰው የሚበቃ ምግብ ለማዘጋጀት ግማሽ ኪሎ ከነቅርፊቱ ያለ ጥሬ ሽሪምፕ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዶውቺ፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ 2 የፈረንጅ ቃሪያና፣ ማቃጠሉን ለሚወድ፣ 1 የሀበሻ ቃሪያ፣ እንዲሁም 3 ዘለላ የሽንኩርት ቅጠል ያስፈልጋል። ለማጣፈጫው 1 የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ (ኦይስተር ከተባለው የባሕር እንስሳ የሚሠራ)፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳርና 1 የሾርባ ማንኪያ ሻውሺንግ የተባለው የሩዝ ወይን ይዘጋጃል። ከዚህ ሌላ የበቆሎ ስታርች፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ፣ የራሱ ጠንካራ ሽታ የሌለው ዘይትና ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ያሻል። በጓንግዶንግ የኦቾሎኒ ዘይት ይወደዳል፤ የሱፍ አበባ ዘይትም በደንብ ይሠራል፤ የኑግ ዘይት ግን መዓዛው አተሩን ስለሚሸፍነው ለዚህ አይሆንም። ጨው ከዝርዝሩ ውስጥ ለማጠቢያ ካልሆነ በቀር አልገባም፤ ዶውቺውና ሶሶቹ ከበቂ በላይ ይዘዋል።

ሽሪምፕ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ አንባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም፤ ሩቢያን በሚለው ስሙ በየሳምንቱ የሚልጡት፣ የሚያጥቡትና የሚያበስሉት ብዙ እህቶቻችን አሉ፤ ማጠቡን በተመለከተ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ የእነርሱ እጅ ያውቃል። ለጀማሪ ግን ዋናው ነገር ጥሬውን መግዛት ነው፤ ጥሬ ሽሪምፕ ግራጫ ሆኖ ብርሃን በከፊል የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ቀድሞ የተቀቀለው ሮዝ ስለሆነ በዓይን ይለያል፤ የተቀቀለውን እንደገና መጥበስ ማድረቅ ብቻ ነው። አሞኒያ የሚሸት ከሆነ አይበላም። የቀዘቀዘው ሌሊቱን በፍሪጅ ውስጥ፣ ካልሆነም በቀዝቃዛ ውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጦ በረዶው ይለቃል፤ በሙቅ ውኃ ማስለቀቅ ላዩን ስለሚያበስለው መቅረት አለበት። ከዚያም ቅርፊቱ ተልጦ ወደ ጎን ይቀመጣል፤ ጀርባው በቢላ ጫፍ በስሱ ተሰንጥቆ ጥቁሩ የአንጀት መስመር ይወጣል። የባሕር እንስሳት አለርጂ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ እንግዳ ከመጋበዝ በፊት መጠየቅ እንደማይገባ ነገር መታየት የለበትም።

የተላጠው ሽሪምፕ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና በሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ታሽቶ ለ20 ደቂቃ በፍሪጅ ይቆያል። ሶዳው የሽሪምፑ ሥጋ ሲበስል ውኃውን ይዞ እንዲቆይ ያግዘዋል፤ የቻይና ምግብ ቤት ሽሪምፕ ሲነከስ ቀጭ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከ20 ደቂቃው በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ በሚገባ ታጥቦ በወንፊት ይጠነፈፋል፣ በንጹሕ ጨርቅም ይደርቃል። እርጥብ ሽሪምፕ መጥበሻውን ስለሚያቀዘቅዘው ማድረቁ ላይ መሰላቸት አይገባም። በመጨረሻ በ1 የሻይ ማንኪያ ስታርች፣ በ1 የሻይ ማንኪያ ዘይትና በቁንጥር ነጭ ቁንዶ በርበሬ ይለወሳል።

ቅርፊቱን የሚጥል ሰው የምግቡን ግማሽ ጣዕም ይጥላል፤ ይህን ሳስብ ብዙዎቹ የአሠራር ጽሑፎች ለምን በውኃ ወይም በዶሮ መረቅ ኩብ እንደሚተኩት አይገባኝም። ቅርፊቱ በትንሽ ድስት በጥቂት ዘይት ቀይ እስኪሆንና ዘይቱ ብርቱካናማ ቀለም እስኪይዝ ድረስ ይቁላላል፤ አንድ ኩባያ ተኩል ውኃ ተጨምሮበት ለ15 ደቂቃ በቀስታ ይንተከተክና ይጠለላል። ግማሽ ኩባያው ለዚህ ምግብ ይበቃል፤ የተረፈው ለሩዝ መቀቀያ ይውላል።

አተሩን በማዘጋጀት ረገድ ቻይናውያኑም ራሳቸው አይስማሙም፤ አንዳንዱ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አያጥበውም። በእኔ ልምድ በወንፊት አድርጎ ከቧንቧ ሥር ለጥቂት ሴኮንድ ማለቅለቁ ይበልጣል፤ የላዩን ጨው ይቀንሳል፣ ጣዕሙን ግን ይዞ አይሄድም። ከታጠበ በኋላ ግማሹ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር በመክተፊያ ላይ አንድ ላይ ይደቅቃል፤ ግማሹ ግን ከነፍሬው ይተዋል። የደቀቀው በዘይቱና በመረቁ ውስጥ ሟሙቶ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ሙሉው ፍሬ ደግሞ አልፎ አልፎ ጥርስ ላይ ሲገኝ ጨዋማና የበረታ ጣዕሙን ለብቻው ያሳያል። ቃሪያውና ቀይ ሽንኩርቱ በአንድ ጉርሻ ሊያዙ በሚችሉ ሰፋፊ ቁራጮች ይቆረጣሉ። ሶሶቹ፣ ስኳሩና ግማሽ ኩባያው መረቅ በአንድ ዕቃ ይቀላቀላሉ፤ ወይኑ ለብቻው ይቀመጣል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ስታርች ደግሞ በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ የሚከተፍ ነገር መኖር የለበትም።

ዎክ (ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) ካለ ዎክ፣ ከሌለም ሰፊ የብረት መጥበሻ ይጣዳል። ባዶው መጥበሻ ስስ ጭስ እስኪያሳይ ድረስ ይግላል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርና ሽሪምፑ ሳይደራረብ ይዘረጋል። የቤት ምድጃ እንደ ምግብ ቤቱ ኃይል ስለሌለው ግማሽ ኪሎውን በሁለት ዙር መጥበስ ይሻላል። ለ40 ሴኮንድ ሳይነካ ይተዋል፤ ይገለበጣል፤ ለሌላ 30 ሴኮንድ ይቆያል። እዚህ ላይ ዓይን ከሰዓት ይበልጣል፦ ሽሪምፑ እንደ ማጭድ ሲጎብጥ፣ ጠርዙ ሮዝ ሆኖ መሐሉ ገና ትንሽ ግራጫ ሲቀረው ወዲያውኑ ይወጣል። ጫፍና ጫፉ ገጥሞ እንደ ቀለበት ከተጠቀለለ ጊዜው አልፏል። በሳህን ላይ ሳለ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል፤ ወደ መጥበሻው ሲመለስም ጥቂት ስለሚበስል ጥሬ ነው ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

አሁን እሳቱ ከመካከለኛ በታች ይደረግና መጥበሻው ለአንድ ደቂቃ ያህል እንዲበርድ ይታገሡታል። እኔ በመጀመሪያ ይህን ሳላውቅ አተሩን በሚጨሰው ዘይት ላይ ጨምሬው በአሥር ሴኮንድ ውስጥ ነጭ ሽንኩርቱ ጠቆረ፣ አተሩም መረረ፤ ምሬቱ በስኳርም በመረቅም አልተሸነፈም፣ ሙሉው ድስት ተደፋ። ስለዚህ 1 የሾርባ ማንኪያ አዲስ ዘይት ተጨምሮ የደቀቀውም ሙሉውም አተር ከነነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይገባና ያለማቋረጥ ይማሰላል። መጀመሪያ የሚመጣው የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ ጨዋማና የአሮጌ እንጨት ዓይነት ሽታ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ካካዋ የሚጠጋ ጣፋጭ መዓዛ ሲያውድ፣ የነጭ ሽንኩርቱም ጠርዝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ደርሷል። ይህ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ቁሌት የለመደ እጅ ሽንኩርቱ እስኪቀላ መጠበቅ ይቀናዋል፤ እዚህ ግን ቀለም መጠበቅ ማሳረር ነው፤ የሚጠበቀው ሽታ ነው።

መዓዛው እንደወጣ እሳቱ ወደ ከፍተኛው ይመለሳል። ቀይ ሽንኩርቱና ቃሪያው ገብተው ለአንድ ደቂቃ ይገለባበጣሉ፤ ቃሪያው ደማቅ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ መውጣት አለበት። ወይኑ በመጥበሻው ግድግዳ ዙሪያ ይፈስሳል፤ በጋለው ብረት ላይ ቸስ ብሎ አልኮሉ በአብዛኛው ይተንናል፣ መዓዛው ይቀራል። ከዚያ የተቀላቀለው ሶስ ይጨመራል፤ ሲፈላ የተበጠበጠው ስታርች እንደገና ተማስሎ በቀጭኑ ይፈስስበታል። ሶሱ ወፍሮ መብረቅ ሲጀምር ሽሪምፑ ከነፈሳሹ ይመለሳል፤ ለ30 ሴኮንድ ተገላብጦ የሽንኩርት ቅጠሉና ጥቂት ጠብታ የሰሊጥ ዘይት ተጨምሮ ይወጣል። ሶሱ ሽሪምፑን የሚለብስ እንጂ እንደ ወጥ የሚንጣለል መሆን የለበትም።

ወይን የማይጠቀም ሰው በምትኩ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቅርፊት መረቅ በዚያው መንገድ ያፈስስ፤ የሚጎድለው ነገር አለ፣ ምግቡ ግን አይበላሽም። በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች በቻይና ምግብ ቤት «ሽሪምፕ በሎብስተር ሶስ» የሚባለውን ሲያዩ የዚሁ ቤተሰብ መሆኑን ይወቁ፤ ሶሱ ድሮ ለሎብስተር ማብሰያ የነበረ ስለሆነ እንጂ ሎብስተር የለበትም። ነገር ግን ዶውቺና እንቁላል ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተፈጨ የአሳማ ሥጋም ስለሚገባበት፣ አሳማ የማይበሉ ሰዎች ሳይጠይቁ ባያዙ ይመረጣል። ሽሪምፕ የማይበላ ወይም የሚጾም ሰው ደግሞ ይህንኑ የአተርና የነጭ ሽንኩርት ድቅ ኦይስተር ሶሱን አስቀርቶ፣ በቅርፊቱ መረቅ ምትክ የእንጉዳይ መረቅ ተጠቅሞ በቶፉ፣ በእንጉዳይ ወይም በተጠበሰ ደብርጃን ሊሠራው ይችላል፤ ዶውቺ ራሱ ከአኩሪ አተርና ከጨው በቀር ሌላ ነገር ብዙም የለበትም።

ምግቡ የሚቀርበው ምንም ባልተጨመረበት ነጭ ሩዝ ነው፤ የሶሱ ጨው የተመጠነው ጨው የሌለውን ሩዝ ታሳቢ በማድረግ ነውና ሩዙን ጨው አድርጎ መቀቀል ሚዛኑን ያፈርሰዋል። ሰው ከተቀመጠ በኋላ መጥበስ እንጂ ጠብሶ ሰው መጠበቅ አይሆንም፤ ሽሪምፕ ዳግመኛ ሲሞቅ ይጠነክራል። የተረፈው ዶውቺ በሚገባ በሚከደን ጠርሙስ ተደርጎ በፍሪጅ ቢቀመጥ ከዓመት በላይ ይቆያል፤ የሚነካው ማንኪያ ግን ደረቅ መሆን አለበት።