አንድ ቢሮ፣ ሁለት የኢንተርኔት መስመር፦ ጭነቱን እንዴት እናካፍለው?

ጅማ ላይ ቢሮ ያለው ሰው፣ በተለይ የቡና ሰሞን፣ ኢንተርኔት ሲቆም ምን እንደሚከተል ያውቃል። የሚላክ ሰነድ አለ። የባንክ ሥራ አለ። አዲስ አበባ ሆኖ በየአምስት ደቂቃው የሚደውል ሰው አለ። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር ደረጃ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሌላ አቅራቢ ስላለ፣ አንዱን ፋይበር ሌላውን ፎርጂ አድርጎ ሁለት መስመር ማስገባት ይቻላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ግማሹ ሠራተኛ በአንዱ ዋይፋይ፣ ግማሹ በሌላው ይገባል፤ አንዱ ሲቆም ሁሉም ተነስቶ ፓስወርድ ይጠይቃል። ይህን ሥራ ለራውተሩ ስጡት።

እዚህ የማሳየው በማይክሮቲክ ራውተር፣ በራውተርኦኤስ 7 (ራውተሩ የሚሠራበት ሶፍትዌር) ነው። ሌላ ራውተር ካላችሁም ሐሳቡ ያው ነው፤ የሚለያየው ሜኑው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንነጋገር። 20 ሜጋ ፋይበርና 10 ሜጋ ፎርጂ ሲገጠሙ አንድ 30 ሜጋ መስመር አይሆኑም። ከጅማ አዲስ አበባ በወሊሶም ይኬዳል፣ በበደሌና በነቀምቴ ዞሮም ይኬዳል። አንድ የቡና መኪና ግን ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ አድርጎ አይሄድም። መኪናው ብዙ ሲሆን ነው ሁለቱም መንገድ የሚጠቅመው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋይል የምታወርዱ ከሆነ ፍጥነቱ የአንዱ መስመር ፍጥነት ነው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ ግን ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ምክንያቱ ኤንኤቲ ነው፤ የአድራሻ ልወጣ ማለት ነው። የቢሮው ኮምፒውተር አድራሻ ለምሳሌ 192.168.50.23 ነው። ይህ አድራሻ ውጭ አይታወቅም። ራውተሩ ፓኬቱን (በኔትወርክ የሚላከውን የመረጃ ቁራጭ) ሲያስወጣ ይህንን አንስቶ የመስመሩን አድራሻ ይተካና ማን ምን እንደላከ መዝገቡ ላይ ይይዛል። መልስ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። አሁን አንድ ኮኔክሽን በፋይበር ተጀምሮ መሃል ላይ በፎርጂ ቢወጣስ? የላኪው አድራሻ ተቀየረ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር «ይሄን ሰው አላውቀውም» ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ በአንዱ መስመር የተጀመረ ኮኔክሽን እስኪያልቅ በዚያው መስመር መሄድ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ቅንብር በሙሉ ለዚህ ሲባል የሚደረግ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ሁለቱ ሞደሞች አንድ ዓይነት አድራሻ እንዳይኖራቸው አረጋግጡ። ብዙ ሞደም 192.168.1.1 ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለቱም እንደዚያ ከሆኑ ራውተሩ ግራ ይጋባል፤ አንዱን ገብታችሁ 192.168.8.1 አድርጉት። የቢሮው ኔትወርክ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ይሁን፣ ለምሳሌ 192.168.50.0/24። ፖርት 1 ላይ ፋይበሩን፣ ፖርት 2 ላይ ፎርጂውን ሰኩ። የቀሩት ፖርቶች በብሪጅ (ፖርቶችን እንደ አንድ ኔትወርክ በሚያገናኝ ቅንብር) ሆነው ለቢሮው ይሁኑ። ሞደሞቹንም ራውተሩንም ዩፒኤስ ላይ አድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ ሁለት መስመር መኖሩ ብቻውን አያድናችሁም።

የማይክሮቲክ ማስተካከያ ፕሮግራም የሆነውን ዊንቦክስን ክፈቱና ከሁሉ በፊት «ሴፍ ሞድ» የሚለውን ተጫኑ። ስትሳሳቱ ራውተሩ ቢቆልፍባችሁ ወደ ነበረበት ይመልሳችኋል። ሲሳካ መልሳችሁ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ አለዚያ የሠራችሁት ሁሉ ሊመለስ ይችላል።

«አይፒ»፣ «ፋየርዎል»፣ ከዚያ «ናት» (ያው ኤንኤቲ) ውስጥ ሁለት የማስከሬድ ትእዛዝ ጻፉ፤ የቢሮውን አድራሻ በመስመሩ አድራሻ የሚተካው እሱ ነው፦ አንዱ በፖርት 1 ለሚወጣው፣ አንዱ በፖርት 2 ለሚወጣው። እዚያው ፋየርዎል ውስጥ «ፊልተር» ላይ «ፋስትትራክ» የሚል ትእዛዝ ካለ አጥፉት። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ፋስትትራክ ፓኬቱን በአቋራጭ ስለሚያሳልፈው የምናደርገውን ምልክት አያይም። ቅንብሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ «ገጹ ግማሽ ድረስ ይከፈትና ይቆማል» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ «ራውቲንግ»፣ «ቴብልስ» ውስጥ ሁለት የመንገድ ሰንጠረዥ ፍጠሩ፤ ፓኬት በየት እንደሚወጣ የሚጻፍበት ነው። አንዱን ፋይበር፣ ሌላውን ፎርጂ በሉት። ራውተሩ ሰንጠረዡን ፓኬት ለመምራት እንዲጠቀምበት «ፊብ» የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ አለባችሁ።

አሁን ዋናው ቦታ፣ ፋየርዎል ውስጥ ያለው «ማንግል»፤ ምልክት የሚደረገው እዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከቢሮው ተነስቶ ወደ ሞደሞቹ አድራሻ የሚሄደው እንዳይነካ «አክሴፕት» አድርጉት፤ የሞደሙን ገጽ መክፈት እንዲቻል ነው። ሁለተኛ፣ ከውጭ በፖርት 1 የሚገባውን አዲስ ኮኔክሽን «ፋይበር» ብላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ በፖርት 2 የሚገባውን «ፎርጂ»። የገባ ሰው በገባበት እንዲወጣ ነው። ሦስተኛ፣ ከቢሮው የሚወጣውንና ገና ምልክት የሌለውን ኮኔክሽን በፒሲሲ አካፍሉት። አራተኛ፣ የኮኔክሽኑን ምልክት አይቶ ወደ ሰንጠረዡ የሚመራውን «ማርክ ራውቲንግ» ጻፉ። እዚህ ላይ መግቢያው የቢሮው ብሪጅ ነው ማለትን አትርሱ፤ ከተረሳ ከውጭ የመጣው መልስ ራሱ ተመልሶ ወደ ውጭ ይላካል።

ፒሲሲ የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። አድራሻውን ወስዶ ቁጥር ያደርገዋል፣ በሰጣችሁት ቁጥር ያካፍለዋል፣ ቀሪውን ያያል። 2/0 ስትሉ «ለ2 ተካፍሎ ቀሪው 0 የሆነው» ማለት ነው፤ እሱን ለፋይበር፣ 2/1ን ለፎርጂ ትሰጣላችሁ። መስመሮቹ እኩል ካልሆኑስ? 20 ሜጋና 10 ሜጋ ከሆኑ ለ3 አካፍሉ፦ 3/0 እና 3/1 ለፋይበር፣ 3/2 ለፎርጂ። ፎርጂው በጊጋ የሚቆጠር ጥቅል ከሆነ ግን ጭራሽ አታካፍሉ። የዊንዶውስ አፕዴት ብቻውን ጥቅሉን ይበላዋል። ለመጠባበቂያ ብቻ ይቀመጥ።

የትኛውን አድራሻ ይውሰድ? «ቦዝ አድሬስስ» ካላችሁ የኮምፒውተሩንና የሰርቨሩን አድራሻ አንድ ላይ ያያል። ጭነቱ በደንብ ይከፋፈላል። ግን አንድ የባንክ ገጽ ብዙ ጊዜ በአንድ ሰርቨር ብቻ አይሠራም። መግቢያው በፋይበር ይሄድና ቀጣዩ ገጽ በፎርጂ ይወጣል፤ ባንኩ በአንድ ጊዜ ከሁለት አድራሻ የመጣ ሰው ስለሚያይ ያስወጣዋል። ከሂሳብ ክፍል «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እየደጋገመ ያስወጣኛል» የሚል ስልክ የሚመጣው ያኔ ነው። «ሶርስ አድሬስ» ካላችሁ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ሁልጊዜ በአንድ መስመር ይወጣል። ክፍፍሉ ያን ያህል አያምርም፤ ብዙ የሚያወርዱት ሰዎች ሁሉ አንድ መስመር ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። እኔ ግን ለአነስተኛ ቢሮ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ባንክና ታክስ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ሰላም ከፍጥነት ይበልጣል።

መንገዶቹ ቀሩ። በእያንዳንዱ ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ 0.0.0.0/0 (ወደ ማንኛውም አድራሻ የሚወስድ መንገድ)፣ በዋናው ሰንጠረዥ ደግሞ ሁለቱም፤ ፋይበሩ ርቀት 1፣ ፎርጂው ርቀት 2 (ትንሹ ቁጥር ይቀድማል)። ጌትዌዩ፣ ማለትም ፓኬቱ የሚላክበት ቀጣይ አድራሻ፣ መልስ መስጠቱን እንዲፈትን «ቼክ ጌትዌይ ፒንግ» የሚለውን ታበራላችሁ። እንዲህ ብቻ ከተደረገ ግን ራውተሩ የሚፈትነው ሞደሙን ነው። ሞደሙ ደግሞ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው፣ ውጭ ያለው ፋይበር ቢቆረጥም «አለሁ» ይላል። ራውተሩ ያምነዋል፣ ግማሹ ቢሮ ይቆማል።

ስለዚህ ከሞደሙ ወዲያ ያለ ነገር ፈትኑ። ለ8.8.4.4 (የጉግል ሰርቨር ነው) በፋይበሩ ሞደም በኩል የሚያልፍ መንገድ ጻፉ፣ ስኮፑ (አንድ መንገድ በሌላው ላይ መመሥረት መቻሉን የሚወስነው ቁጥር) 10 ይሁን። ለ1.0.0.1 (የክላውድፍሌር ሰርቨር) በፎርጂው በኩል እንዲሁ። ከዚያ የፋይበሩን 0.0.0.0/0 ጌትዌይ ራሱን 8.8.4.4 አድርጉት፣ ታርጌት ስኮፑ 11፣ ፒንጉ እንደበራ። ፎርጂውንም በ1.0.0.1 እንዲሁ። አሁን ራውተሩ በየ10 ሴኮንዱ ሩቅ ያለውን አድራሻ ይጠይቃል፤ ሁለት ጊዜ መልስ ካጣ መስመሩን ይተዋል። ለዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ለሚቀይረው አገልግሎት) እነዚህን ሁለት አድራሻዎች አትጠቀሙ፤ ራውተሩ እያንዳንዳቸውን በአንድ መስመር ብቻ ስለሚፈልጋቸው መስመሩ ሲሞት አብረው ይጠፉበታል። 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ይሁኑ።

ሌላም አለ። መስመር ሲሞት አዲስ ኮኔክሽን ወደ ሌላው ይዞራል፣ የድሮው ግን መዝገቡ ላይ በድሮው አድራሻ ተይዟል። ብሮውዘር ቶሎ እንደገና ይሞክራል፣ አያስቸግርም። ቪፒኤንና የኢንተርኔት ስልክ ግን እየደጋገሙ ስለሚልኩ መዝገቡ አይሞትም፤ ሰው «ኢንተርኔት አለ፣ ስልኩ ግን አይሠራም» ይላል። «ቱልስ»፣ «ኔትዎች» ውስጥ 8.8.4.4ን አስገቡና ሲጠፋ በፋይበር የተመዘገቡትን ኮኔክሽኖች እንዲያጸዳ እዘዙት። በእጅም ይቻላል፦ «ፋየርዎል»፣ «ኮኔክሽንስ» ውስጥ መርጦ ማጥፋት ነው።

ከውጭ የሚታይ ካሜራ ካላችሁ ፎርጂው የተሰጠውን አድራሻ ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው ራሱ ሌላ ኤንኤቲ አድርጎበታል። ፖርት ብትከፍቱም በዚያ መስመር አይገባም፤ ካሜራውን በሌላው በኩል አድርጉት።

በመጨረሻ ፈትኑት፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። በሞደሙና በራውተሩ መሃል ያለውን ኬብል ሳይሆን ከውጭ ወደ ሞደሙ የሚገባውን ፋይበር ንቀሉ፤ ጫፉን በእጅ አትንኩ፣ ወደ ዓይንም አታዙሩት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በሁለት ኮምፒውተር ገጽ ክፈቱ፣ አንድ ጥሪ ሞክሩ። መልሳችሁ ስኩና ትራፊኩ ወደ ሁለቱም መመለሱን «ኢንተርፌስስ» ላይ እዩ። ፎርጂውንም እንዲሁ። ሁለቱም ካለፉ ሴፍ ሞዱን አጥፉ፣ ባክአፕ ያዙና ከራውተሩ ውጭ አስቀምጡት፣ የትኛው ፖርት የየትኛው መስመር እንደሆነ ደግሞ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ራውተሩ ላይ ለጥፉ።