6 ቢት ለማን ይበቃል? ባለ ብዙ አንቴና ኔትወርክ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች አንዲት ቡና ቤት ተቀምጬ የሌለ የኮድ ስህተት ስፈልግ ሁለት ቀን አባክኛለሁ። ለማስተርስ ማሟያዬ የምሠራው ሲሙሌሽን ነበር፦ አራት አንቴና ያለው አንድ ታወር፣ አራት ስልኮች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜና በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚስተናገዱ። እያንዳንዱ ስልክ የቻናሉን፣ ማለትም ሲግናሉ ከታወሩ አንቴናዎች እሱ ጋ የሚደርስበትን መንገድ፣ አቅጣጫ በ6 ቢት ጠቅልሎ ለታወሩ ይልካል፤ ታወሩም በዚህ ግብረ መልስ የእያንዳንዱን ሲግናል ወደ ባለቤቱ ያነጣጥራል። ኃይሉን ስጨምር ፍጥነቱ መውጣት ሲገባው ከ10 ዴሲቤል (የኃይል ምጣኔ መለኪያ ነው) በኋላ ደከመ፣ ከዚያም ተኛ። ኮዱ ደህና ነበር።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ለአንድ ተጠቃሚ የሚበቃውን ቢት ለብዙዎችም ይበቃል ማለት። በ6 ቢት ያሉን 64 አቅጣጫዎች ብቻ ናቸው። ስልኩ የሚቀርበውን መርጦ ቁጥሩን ይልካል፤ በአራት አንቴና ከቻናሉ ጉልበት በአማካይ ሩብ የሚጠጋው ከተመረጠው አቅጣጫ ውጪ ይቀራል። ስልኩ ብቻውን ከሆነ ጉዳቱ 1 ዴሲቤል ገደማ ነው፣ ማንም አያስተውለውም። አራት ሆነው ሲካፈሉ ግን በዚያች ቀዳዳ የጎረቤት ሲግናል ይገባል። ኃይል ሲጨመር የራሴም ሲግናል የጎረቤቴም ረብሻ እኩል ያድጋሉ፤ የፍጥነቱ መስመር የተኛው ለዚህ ነው። የገመድ አልባ ግንኙነት ተመራማሪው ኒሃር ጂንዳል በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ልኩን አስቀምጦታል፦ ቻናሉን አብጠርጥሮ ከሚያውቅ ታወር ከ3 ዴሲቤል በላይ ላለመራቅ፣ ከአንቴናው ቁጥር አንድ ቀንሶ በዴሲቤል በተለካው የሲግናልና የኖይዝ (ሲግናሉን የሚያደበዝዝ ጩኸት) ምጣኔ ማባዛት፣ ከዚያ ለ3 ማካፈል። በአራት አንቴና 10 ዴሲቤል ላይ 10 ቢት፣ 20 ዴሲቤል ላይ 20 ቢት ይመጣል። 20 ቢት ከሚሊዮን በላይ አቅጣጫ ነው፤ ላፕቶፔ ሲያስስ አድሮ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኽ ነበር።

ሌላው፣ ስልኩ የሲግናሉን ጥንካሬ ብቻ ሪፖርት ሲያደርግ ነው። የአቅጣጫው ስህተት የሚያመጣው ረብሻ ከሪፖርቱ ካልተቀነሰ ታወሩ ስልኩ የማይችለውን ፍጥነት ይመርጣል፣ ፓኬቱም (የተላከው የዳታ ጥቅል) ይወድቃል።

ከቡና ቤቷ መስኮት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሁለት ሰዎች ይታዩኝ ነበር፤ አንዱ ቀረብ፣ አንዱ ራቅ ብሎ። ድንገት በአንድ መስመር ሲሆኑ የኋለኛው ከፊተኛው ጀርባ ጠፋ። የታወሩም ችግር ይኸው ነው። ከተማ ውስጥ ሲግናሉ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ስለሚመጣ ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች እንኳ የተለያየ ቻናል ሊኖራቸው ይችላል፤ ውሃ ላይ የሚበትነው ሕንፃ የለም። ስለዚህ ተጠቃሚ ሲመረጥ ጠንካራ ሲግናል ያለውን ብቻ እያዩ መሰብሰብ አይሠራም፤ በመካከላቸው ያለው አንግል መታየት አለበት። በአንድ መስመር ያሉትን በየተራ ማስተናገድ ነው፣ ቢት መጨመር አይለያቸውም። ለሐይቅ የሚሠራ ሲሙሌሽን ላይ በሁሉም አቅጣጫ በዘፈቀደ የተበተነ ኮድቡክ (ስልኩ የሚመርጥበት የአቅጣጫዎች ዝርዝር) መጠቀምም ብክነት ነው።

መዘግየትን መርሳትም አለ። በ1.8 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚበር ባጃጅ በ10 ሚሊ ሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፣ ከሞገዱ ግማሽ በላይ። ታወሩ ቢሙን (ወደ ስልኩ የሚያነጣጥረውን ሲግናል) ሲያዞር የያዘው መረጃ አርጅቷል፤ ያንን በ20 ቢት አጥርቶ መላክ ምን ይሠራል?

የግብረ መልሱን ዋጋ ከውጤቱ አለመቀነስ ደግሞ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። አራት ስልክ በ20 ቢት፣ በየዙሩ 80 ቢት ነው። እኔ ይህን ስቀንስ፣ ለባጃጅ ተሳፋሪዎቹ አራቱን አብሮ ከማስተናገድ ለእያንዳንዳቸው ተራ መስጠቱ ተሻለ።